ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር

ኦክቶበር 10፣ ማክሰኞ

ውጤቱ ዛሬ ከምሳ በኋላ ደረሰ። ቢሮ ሆኜ ከፈትኩት። ቤት ልከፍተው አልፈለግሁም።

ዲግሪዬን የያዝኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ኮሌጁ ሲያስመርቀኝ የሰጠኝ አማካይ ውጤት የሚያሳፍር አልነበረም። የሕግ ትምህርት ቤቶችን ማመልከቻ የሚሰበስበው ማዕከል ግን የሚያሰላው በራሱ መንገድ ነው። በዘጠና አምስት ክረምት ያገኘኋቸውን አምስት ኤፎች ኮሌጁ ስመለስ «አዲስ ጅምር» ብሎ ሰርዞልኝ ነበር። ማዕከሉ መልሶ ቆጠራቸው። ተሰረዘም ተደገመም፣ አንዴ የተጻፈ ኤፍ ኤፍ ነው። ደንቡን ዛሬ አነበብኩት። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ደንብ ሳነብ ኖሬ የራሴን ሳላነብ ቀረሁ።

አዲሱን አማካይ እዚህ አልጽፈውም።

አለቃዬ ሚስተር ፔንግሊ ከክፍላቸው ብቅ ብለው «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ፊትሽ እንደዚያ አይልም።»

አሳየኋቸው። በካውንቲያችን የቀሩት ጠበቃ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ካለፈ ቆይቷል፤ የሚተካቸው ቢያገኙ ነገ ቢሮውን ዘግተው ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዳሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«አምስቱንም በአንድ ሴሚስተር? ይኼ እኮ ትጋት ይጠይቃል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከማመልከቻው ጋር ማብራሪያ ማያያዝ ይቻላል አሉኝ። አንድ አንቀጽ። «ሰበብ አትደርድሪ። ለቅሶ አታብዢ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምን ሆነ፣ መቼ አበቃ፣ ለምን አይደገምም።»

ጻፍኩት። ምን ሆነ። መቼ አበቃ። ለምን አይደገምም። ቀላል ይመስላል።


ኦክቶበር 13

ለዴል ነገርኩት። እራት ላይ፣ አብረውን የሚኖሩት እናቱ ኢርማም ባሉበት። ሕግ ትምህርት ቤት እንደማመለክት ባሌ ብቻውን ሳለ ለመንገር ሦስት ቀን ሞክሬ አልሆነልኝም።

«ስንት ዓመት ነው?» አለ።

«አራት። እዚሁ ሆኜ ነው፣ በኮምፒውተር። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እዚያ መገኘት አለብኝ።»

«እዚያ ማለት ከድልድዩ ወዲያ?»

«ከድልድዩ ወዲያ።»

«በክረምት?»

«በክረምትም።» ትልቁን ድልድይ ተሻግሮ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው።

ሹካውን አስቀምጦ ወደ እናቱ ዞረ። «ሰማሽ እማ? ለካ ሳላውቀው ክቡር ዳኛ ነው ያገባሁት።»

ኢርማ «ድንቹን አቀብለኝ» አሉ።

በጥሩ ወሰደው። አልተቆጣም። ዴል ተቆጥቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ይህንኑ ይነግረኛል።


ኦክቶበር 22፣ እሁድ

የመጀመሪያ ሙከራ። «በዚያ ክረምት እዚህ አካባቢ ከባድ በረዶ ጥሎ ነበር።»

ሚስተር ፔንግሊ በቀይ ሰረዙት። «እዚህ በረዶ የማይጥለው መቼ ነው? የሚያነቡት ሰዎች ካርታ አላቸው።»


ኦክቶበር 29

ሁለተኛ ሙከራ። «በዚያ ሴሚስተር ታምሜ ነበር።»

አልታመምኩም። ለምን ጻፍኩት? እጄ በራሱ የጻፈው ይመስለኛል። እኔው ራሴ ቀደድኩት።

እውነቱ ስንፍና ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ኮሌጁ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሰለቸኝና ተውኩት። ማቋረጤን እንኳ ሄጄ አላስመዘገብኩም። ባስመዘግብ ኖሮ ኤፍ አይሆንም ነበር። ከቤት አንድ ስልክ መደወል አቃተኝ። ስልኩ ወጥ ቤት ነበር፤ ወጥ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ።

የተማርኩትን ሕግ ያገኘሁት ከቆሻሻ ቅርጫት ነው። መጀመሪያ ይህን ቢሮ አጸዳ ነበር። የሕግ መጻሕፍቱ ማሻሻያ በየዓመቱ በቀጭን ጥራዝ ይመጣል፤ አዲሱ መጽሐፉ ጀርባ ያለው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አሮጌው ይጣላል። የተጣለውን እየለቀምኩ ቤት እወስድ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያጠናሁት ሕግ ሁሉ የተሻረ ነው። ይህ ሲገባኝ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማንበብ ጀመርኩ፤ ምን እንደተለወጠና ማን እንዳስለወጠው ለማወቅ። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። ዴል ምድር ቤት የከመርኳቸውን ጥራዞች «የአይሊ አይጦች ቤት» እያለ በእኔ ስም ይጠራቸዋል።


ኖቬምበር 3

የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ዴል ከፊቱ በረዶ መግፊያ የታሰረለትን ፒካፕ አወጣ። ክረምቱን ሙሉ የሰዉን ግቢ ይጠርጋል፤ ለመበለቶች በነጻ ነው። ሁሉም ይወዱታል።

ማታ ሲመለስ ፒካፑን ከእኔ መኪና ኋላ ያቆማል። ጠዋት እስኪነሳ መውጣት አልችልም። ሌላ የት ያቁመው? ግቢያችን ጠባብ ነው።


ኖቬምበር 14

ነገ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ክፍት ነው ማለት አይቻልም፣ ቀጠሮ የሚይዝ የለም። ወንዱ ሁሉ ጫካ ነው። ከቀረቡልኝ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ቀናት ይህንን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከገባ ይሰረዛል። የቤታችን የኢንተርኔት መስመር ደግሞ እየተቆራረጠ አስቸግሯል። ነገ ቢሮው ጭር ይላል። ሚስተር ፔንግሊ ቁልፉን ሰጥተውኝ እሳቸውም ሄደዋል።

ዴል ዕቃውን ሲጭን በመስኮት አየሁት። የእኔን መኪና ኮፈን ከፈተ። ባትሪዬን አውጥቶ ፒካፑ ላይ ጫነው። ወጣሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ለአደን ጎጆው መብራት። የእኛ ባትሪ ሞቷል።»

«ነገ ፈተና አለብኝ እኮ።»

«ነገ ነው እንዴ?» ከልቡ የገረመው ይመስላል። «በኮምፒውተር አይደል? መኪና ምን ያደርግልሻል?»

«ቢሮ ነው የምፈተነው።»

«ፔንግሊ ይውሰድሽ።»

«ሚስተር ፔንግሊም አደን ሄደዋል።»

«በዚያ ዕድሜው? አጋዘኖቹ ራሳቸው ደግፈው ያመጡታል።» ጉንጬን ሳመኝ። «አትጨናነቂ ዳኛዬ። ካለፈሽ ሌላ ቀን ይሰጡሻል።»

ሄደ። ረስቶ ነው። የአደን ዋዜማ ሲሆን ሁሉን ይረሳል።


ኖቬምበር 15

በእግር። ሳይነጋ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም። ከጫካው የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች።

ቢሮ ስደርስ ጣቶቼ ቁልፍ አልጨብጥ አሉ። ማሞቂያው ላይ። ሻይ። ካሜራውን አስተካከልኩ። ተጀመረ።

አለቀ። የሠራሁትን አላስታውስም።

በእግር ተመለስኩ። ኢርማ የምድጃውን በር ከፍተው ወንበሬን አስጠግተው ጠበቁኝ። ስለ ፈተናው አልጠየቁኝም። «ቡትስሽን አውልቂ» ብቻ አሉ። ከዚያ ከምድጃው ሥር በሥጋና ድንች የተሞላች አንዲት ፓስቲ በጨርቅ ጠቅልለው ያቆዩልኝን አወጡ። ሥጋው አሁንም ይፋጃል። ሁለት እጄን ላይዋ አድርጌ ለረጅም ጊዜ ሳልበላ ቆየሁ።


ዲሴምበር 6

የፈተናው ውጤት መጣ። ጥሩ ነው። ሚስተር ፔንግሊ ሁለቴ አነበቡትና ኮታቸውን ለብሰው ወጥተው ኬክ ገዝተው ተመለሱ።

ለዴል ነገርኩት። «ይኼ ሁሉ ጭንቅላት እያለሽ እንዴት እኔን አገባሽ?» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።


ዲሴምበር 9

የብረታ ብረት ሱቅ። ለኢርማ የስፌት መብራት አምፖል እየፈለግሁ ከመደርደሪያው ወዲያ የዴልን ድምፅ ሰማሁ። ከባለ ሱቁ ጋር ነበር።

«ሚስትህ ጠበቃ ልትሆን ነው አሉ።»

«እንድትሞክር ተውኳት።»

«ከድልድዩ ወዲያ በየወሩ? በዚህ አየር?»

«እኔ ለምን ክፉ እሆናለሁ? ክረምቱ ራሱ ይመልስልኛል።»

ተሳሳቁ። ቀልዱ ያስቃል። አምፖሉን ሳልገዛ ወጣሁ። ኢርማ ዛሬም በጨለማ ነው የሰፉት።


ዲሴምበር 16፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ የሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ቀን ነው። ወንዶቹ ቀድመው ገብተው ሲወጡ እኔና ኢርማ እንገባለን። ኢርማ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አሁንም ከላይኛው እርከን ካልሆነ አይቀመጡም። እኔ ጀርባቸውን አጥባለሁ። እዚያ ውስጥ ብዙ አናወራም።

ዛሬ ውሃ የጋለው ድንጋይ ላይ ደፍተው እንፋሎቱ እስኪወርድ ጠበቁና «ያ ወረቀት አለቀልሽ?» አሉኝ።

«የትኛው?»

«ለምን እንደወደቅሽ የምትጽፊው። ዴል ነግሮኛል። እየሳቀ።»

«አላለቀም። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ሰንፌ ነው።»

«አልሰነፍሽም።»

ሳሙናውን ከእጄ ወሰዱ።

«ያን ክረምት ዴል በየማታው ብርዱን ፈርቶ ባትሪሽን ወደ ቤት ያስገባ ነበር። ሰው ሁሉ ያስገባል፤ ምንም አይደለም። አንድ ቀን ሞቷል አለሽ። አዲስ እስኪመጣ ጠብቂ አለሽ። አልሞተም ነበር። የእኔ ምድጃ ሥር ነበር፣ ከእንጨቱ ሳጥን ኋላ፣ እስከ ፀደይ። በየሳምንቱ መጨረሻ ጎጆው ድረስ ወስዶ ይመልሰው ነበር።»

«ምናልባት ሌላ ባትሪ ይሆናል» አልኩ።

«ልጄ ነው፤ ቤቱ ጸጥ እንዲል ፈለግሁ። ዝም አልኩ።» ሌላ ውሃ ደፉ። «አሁን ጀርባሽን አዙሪ።»

ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገባ። ቶሎ ወጣሁ።

በዚያ ክረምት የእንጨቱን ሳጥን በየቀኑ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ነገር ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።


ዲሴምበር 27

ሰባተኛ ይሁን ስምንተኛ ሙከራ። «በ1995 ክረምት መጓጓዣ አልነበረኝም።» ይህ እውነት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን።

ሁለተኛው። መቼ አበቃ። «ይህ ሁኔታ ያበቃው» ብዬ ጀመርኩ። ዴል ከውጭ ገብቶ ጫማውን ሲያራግፍ ሰማሁት። ፒካፑን ከኋላዬ አቁሞ ነው የገባው።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ጠብታ ቀለም አበጀ።


ጃንዋሪ 8

ማመልከቻውን ያለ ማብራሪያ ላክሁት። ምናልባት አያዩት ይሆናል።


ጃንዋሪ 24

አዩት።

የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ እንደ ወትሮው «የፔንግሊ የሕግ ቢሮ» ብዬ አነሳሁ። የሴት ድምፅ ነው። «ወይዘሮ አይሊ ሳልሚን ማግኘት እችላለሁ?» አለች። ከሕግ ትምህርት ቤቱ ናት፤ ብራክስተን ትባላለች፤ ተማሪ የሚቀበለው ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ፈተናዎ ጥሩ ነው» አለችኝ። «የአለቃዎ የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እንዲህ ያለ ብዙ አናይም። ችግሩ ያቺ አንዲት ሴሚስተር ናት። ኮሚቴው ዝም ብሎ አያልፋትም።»

«ማብራሪያ እየጻፍኩ ነው።»

«ረጅም መሆን የለበትም።»

«አውቃለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር።»

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አላት። «ፌብሩዋሪ 10 ቅዳሜ ከሰዓት እንደርስዎ ያሉትን አመልካቾች በአካል እናነጋግራለን። ማብራሪያውን ይዘው ይምጡ። መንገዱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ትምህርቱም በየወሩ መምጣት ይጠይቃል። መምጣት እንደሚችሉ ማየት እንፈልጋለን። ይችላሉ?»

«አዎ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ስልኩን ስዘጋ ሚስተር ፔንግሊ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።


ፌብሩዋሪ 8

ለዴል ነገርኩት። ቅዳሜ ሳይነጋ እንደምነሳ። መንገዱ ሰባት ሰዓት እንደሚወስድ።

«ፒካፑን ዓርብ ማታ ከኋላዬ አታቁመው።»

«እሺ ክቡር ዳኛ።»

«የምሬን ነው።»

«እኔስ?» ትከሻዬን አቀፈኝ። «ከፈለግሽ በረዶውን እስከ ድልድዩ ድረስ እጠርግልሻለሁ።»


ፌብሩዋሪ 10

ፒካፑ ከኋላዬ ቆሟል። ዴል የለም። ጓደኛው በበረዶ ሞተር መጥቶ ወስዶታል፤ ዓሣ ሊያጠምዱ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሐይቁ ላይ ስልክ አይሠራም።

አካፋ። በጎን ለመውጣት ሞከርኩ። ጎማው ሰመጠ።

ረፋድ ሆነ። ገባሁ።


በዚያው ቀን፣ ማታ

ሲመለስ አንድ ባልዲ ዓሣ ይዞ ነው። መኪናዬን አይቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ነበር እንዴ?»

እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ደጋግሞ። እንዳልነሳ ከልክሎ ዓሣውን ራሱ አጸዳ፣ ራሱ ጠበሰ፣ ሎሚ ቆርጦ አቀረበልኝ። ስንት ሴት እንዲህ ያለ ባል ትመኛለች። ጣፋጭ ነበር። በላሁ።

ኢርማ አልበሉም። ሆዴን አሞኛል ብለው ተኙ።

ስሕተቱ የእኔ ነው። ማታውኑ ወጥቼ ማየት ነበረብኝ። እንደገና መንገር ነበረብኝ። ሰው አንዴ ስለተነገረው ያስታውሳል ማለት አይደለም።


ፌብሩዋሪ 12

ለብራክስተን ደወልኩ። «ታምሜ ነበር» አልኳት። ሳላስብ ወጣ። ለካ ለምጄዋለሁ። በዘጠና አምስትም አንድ መምህር ቤት ድረስ ደውሎ ሲጠይቀኝ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዴል አጠገቤ ቆሞ ፖም ይበላ ነበር።

«ተሻለዎት?» አለችኝ።

«ተሽሎኛል።»

«ፌብሩዋሪ 24 የመጨረሻው ነው ወይዘሮ ሳልሚ። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። የእኔ እጅ እዚያ ድረስ ነው።»


ፌብሩዋሪ 14

ሚስተር ፔንግሊ ረቂቁን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። አንብበው ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የታለ?»

«እየፈለግሁት ነው።»

«ምን ፍለጋ ያስፈልገዋል? ቀን ጽፈሽ አራት ነጥብ ነው።»

«ቀኑን አላውቀውም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ብዙ ጊዜ ጠረጉት። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ስለ ቤቴ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ዛሬም አልጠየቁኝም። መነጽሩን መልሰው አደረጉና ሌላ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ «ከላይ ያለችው ክፍል ማሞቂያዋ ይሠራል። አልጋም አላት። ማንም አይጠቀምባትም» አሉ።

«ቤት አለኝ እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ስለ ማሞቂያው ነው የነገርኩሽ።»


ፌብሩዋሪ 16

የሕግ ጥራዞቼን ወደ ቢሮው ወሰድኩ። የእኛ ምድር ቤት ይረጥባል።


ፌብሩዋሪ 19

የክረምት ካፖርቴንና ሁለቱን ሹራቦች ወሰድኩ። ቢሮው አንዳንዴ ይበርዳል።


ፌብሩዋሪ 20

ዴል የሰው ግቢ ሊጠርግ ወጥቷል፤ በረዶ እየጣለ ነው። እኔና ኢርማ ካርታ ተጫወትን። እየበለጡኝ ነበር።

«ሽማግሌው ባሌ ሲሞት ፒካፑ በእኔ ስም ነው የዞረው» አሉ ድንገት። «ዴል ወደ ራሱ ለማዞር ሰነፈ።»

ካርታቸውን አስቀመጡ። ከሽርጣቸው ኪስ አንድ ቁልፍ አውጥተው ካርታው ላይ ጣሉት። ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል።

«ያንቺ ተራ ነው» አሉኝ።

«ኢርማ፣ እርስዎስ? ማን ያበስልልዎታል? ማን ጀርባዎን ያጥባል?»

«እኔን ምክንያት እንዳታደርጊኝ። አንዴ ምክንያት ሆኛለሁ፤ ይበቃኛል።»

«ዴል እንቁላል እንኳ መጥበስ…»

«ባለፈው ዓሣ ሲጠብስ አላየሽም? ባትሪ የሚፈታ እጅ ድንች መላጥ አያቅተውም።» ካርታቸውን አነሱ። «ቁልፉን ውሰጂና ተጫወቺ። አሁንም እያሸነፍኩሽ ነው።»

ቁልፉን ወሰድኩ። ያው፣ ለጥንቃቄ።


ፌብሩዋሪ 22

ትራሴን ወሰድኩ። የቢሮው ወንበር ወገቤን ያመኛል።


ፌብሩዋሪ 23፣ ዓርብ

ብርዱ ዛሬ ምስማር ነው። ከሥራ እንደተመለስኩ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪዬን ራሴ አወጣሁት። ይከብዳል። ኢርማ አልጋ ሥር አስገባሁት፤ ኢርማ ከራሳቸው ብርድ ልብስ አንዱን ገፈው ደረቡበት።

ዴል ወጥ ቤት ገብቶ እጁን እያሞቀ «ባትሪሽን ላስገባልሽ ብዬ ነበር። የታለ?» አለኝ።

«ሞቷል» አልኩት።

አየኝ። ድንች እየላጥኩ ነበር፤ መላጤን ቀጠልኩ።

«ሞቷል?»

«ሞቷል። አዲስ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ለመሳቅ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ወጥቶ ፒካፑን እንደ ወትሮው ከኋላዬ አቆመው። እናቱ ከክፍላቸው «ዴል፣ በሩን ዝጋ፣ ብርድ ገባ» አሉት።


ፌብሩዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነኝ። ገና ጊዜ አለኝ። ሁሉንም ልጻፈው።

ሳይነጋ ተነሳሁ። ባትሪውን ገጠምኩ። ከዚያ ፒካፑ ላይ ወጣሁ። ሃያ ስንት ዓመት ከጎኑ ተቀምጬበታለሁ፤ መሪውን ይዤ አላውቅም። በመጀመሪያው ተነሳ። መግፊያውን ዝቅ አድርጌ ወደፊት ነዳሁ፤ በረዶው ተጠቅልሎ ወደ ጎን ሄደ። ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልቻልኩም። ግቢውን ሙሉ ጠረግሁት፤ እስከ አጥሩ። ሰፊ ነው ግቢያችን። አራት መኪና ያስቆማል።

ፒካፑን ከአጥሩ ሥር አቆምኩት። ዴል በረንዳው ላይ ወጥቷል፣ በውስጥ ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ።

«አይሊ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰዎቹ እኮ ይጠብቁኛል።»

«ይኸውልህ። ቁልፉን ለእናትህ ሰጥቼ እሄዳለሁ።»

«ነገ ማታ ትመለሻለሽ አይደል?»

ኢርማ ከኋላው በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ጣቶቼን ጨብጠው ለቀቁኝ።

«አይሊ። ስጠይቅሽ?»

የተቆጣ አይመስልም ነበር። የበረደው ሰው ነበር የሚመስለው። ካፖርቱን ቆልፍ ልለው ነበር፤ ተውኩት። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከመስታወቱ ወዲያ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወደ ኋላ ስወጣ ምንም አልነበረም። ባዶ ግቢ።

ድልድዩ ላይ ነፋስ ነበር። ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ አለፍኩት። እዚህ ማዶ በረዶው ሊያልቅ ነው፤ ሳሩ ይታያል።

ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ጻፍኩት። አንዴ ነው የጻፍኩት፤ አልሰረዝኩም።

«በ1995 ክረምት አምስት ትምህርት የወደቅሁት ባለቤቴ የመኪናዬን ባትሪ አውጥቶ ስላስቀመጠ፣ እኔም የት እንዳለ እያየሁ ስላልጠየቅሁት ነው። ይህ ሁኔታ ያበቃው ዛሬ፣ ፌብሩዋሪ 24፣ ጠዋት ነው። አይደገምም፤ አዲሱ አድራሻዬ ከዚህ በታች ተጽፏል።»

ከሥሩ የቢሮውን መንገድና ቁጥር ጻፍኩ፤ ሁለተኛ ፎቅ።

ሊቀበሉኝም ላይቀበሉኝም ይችላሉ። አድራሻው ግን ያው ነው።